ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንት ያመልጠኛል፤ የዳሌ ወለል ጡንቻን በትክክል ማሠራት የሚቻለው እንዴት ነው?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በጡረታ ላይ ያለሁ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬም ስልሳዎቹን አጋምሷል። በፕሮስቴት እጢዬ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ከጥቂት ወራት በፊት እጢው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጥቶልኛል። በካንሰሩ በኩል ያለው ውጤት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልካም ነው። የቸገረኝ ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) ከተነቀለ በኋላ የጀመረኝ የሽንት ማምለጥ ነው። ሌሊት ደርቄ አድራለሁ፤ ጠዋትም ብዙ አያስቸግረኝም። ነገር ግን ከወንበር ብድግ ስል፣ ሳስል፣ የልጅ ልጄን ከመሬት ሳነሣ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከታክሲ ስወርድ ሳላስበው ያመልጠኛል። ቅዳሴ እስኪያልቅ መቆም ስለማልተማመን ከቅጽሩ በር አጠገብ መቆም ጀምሬአለሁ፤ ስግደት ሲደርስማ ጭንቅ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ምክር «ሽንት እንደሚቋጥሩ አድርገው ጡንቻዎን ያጥብቁ፣ በቀን ደጋግመው ይሥሩ» የሚል ብቻ ነበር። እኔም በሸናሁ ቁጥር መሐል ላይ እያቋረጥኩ፣ በቀረውም ጊዜ ሆዴንና መቀመጫዬን እያጠበቅኩ እሠራለሁ፤ ለውጥ ግን እስካሁን አልታየኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ልረዳው የምሻው መሥራት ያለበት ጡንቻ የትኛው እንደሆነና እርሱ እየሠራ መሆኑን በምን እንደማውቅ ነው። ቀጥሎም፣ በእርግጥ ልምምዱ ያድናል ወይስ የሚያድነው ጊዜ ነው? በመጨረሻም ለመጠየቅ ያሳፈረኝን ላንሣ፤ ይኸው ልምምድ ለባልና ሚስት ግንኙነትም ይረዳል ሲባል ሰምቼ ነበርና እውነትነቱን ብትነግሩኝ። ልጆቼን መጠየቅ ስለከበደኝ ነው እዚህ የጻፍኩት።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

የተከበሩ መምህር፣ ሌሊት ደርቀው ማደርዎ ደስ የሚያሰኝ ምልክት ነው። ሰው ሲተኛ በፊኛው ላይ የሚያርፈው ግፊት ስለሚቀንስ የቀረው ጡንቻ ያለ ችግር ሽንቱን ይይዛል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ መባሱም የሚጠበቅ ነው፤ ያ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ይደክማል።

ቀዶ ሕክምናው የለወጠውን ነገር ማወቅ ልምምዱን ያቀልልዎታልና ከዚያ ልጀምር። ወንድ ሽንቱን የሚቋጥረው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በፊኛው አንገት ላይ ከፕሮስቴቱ ጋር ተያይዞ የሚገኝና ያለ ፈቃዳችን ራሱን የሚዘጋ ጡንቻ ሲሆን፣ እጢው ሲወጣ ይህ ጡንቻ አገልግሎቱን ያጣል። ሁለተኛው ከፕሮስቴቱ በታች የሽንት ቧንቧውን ከብቦ የሚገኘው ነው፤ እርሱን በፈቃዳችን ማዘዝ እንችላለን። ከዚህ ቀደም ሁለቱ ተጋግዘው ይሠሩት የነበረውን ሥራ አሁን ይህ ሁለተኛው ብቻውን ተሸክሞታል። የሚያግዙት ደግሞ ከፊት ከብልት አጥንት አንሥቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥረው ፊኛንና አንጀትን ከሥር የሚደግፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው።

ሆድን ማጥበቅ ታዲያ ለምን እንደማይረዳ ከዚህ ይታያል። ሆድ ሲጠብቅ በፊኛው ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ከሥር ያለው ጡንቻ ሊይዝ የሚታገለውን ሽንት ሆድ ከላይ ይገፋዋል። መቀመጫን ማጥበቅ ጉዳቱ ያነሰ ቢሆንም፣ ሰውየው ጠንክሮ የሠራ እየመሰለው ዋናው ጡንቻ ሳይነቃነቅ እንዲቀር ያደርጋል።

የምንሰጠው ትእዛዝ ራሱ ልዩነት ያመጣል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናታቸው ለጤናማ ወንዶች የተለያዩ ትእዛዛትን እየሰጡ የጡንቻዎቹን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ ተመልክተው ነበር። የሽንት ቧንቧውን የሚዘጋው ጡንቻ ከሁሉ በላይ የሠራው «ብልትህን ወደ ውስጥ ሳብና አሳጥር» ሲባሉ ነው። «ፊንጢጣህን አጥብቅ» ሲባሉ ግን ትኩረቱ ወደ ኋላው ጡንቻ ይሄዳል። ለእርስዎ የሚያስፈልገው የፊተኛው ነው።

እንግዲህ በር ዘግተው፣ ልብስዎን አውልቀው፣ ከመስታወት ፊት ይቁሙ። ብልትዎን ወደ ውስጥ እንደሚስቡና የዘር ፍሬዎን በትንሹ ከፍ እንደሚያደርጉ ያስቡ። በትክክል ከሠሩ ብልቱ ከሥሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ የዘር ፍሬዎቹም በዝግታ ከፍ ሲሉ ያያሉ። በዚህ ጊዜ አንድ እጅዎ ከእምብርትዎ በታች ይረፍ፤ ሆድዎ ሊደነድን አይገባም። መቀመጫዎና ጭንዎ ልል ሆነው ይቆዩ፣ እስትንፋስዎም አይቋረጥ። እየሠሩ በተለመደ ድምፅ መነጋገር ካልቻሉ ትንፋሽዎን ይዘዋል ማለት ነውና ኃይሉን ይቀንሱ።

ሽንትን መሐል ላይ ማቋረጥ ጡንቻው የት እንዳለ ለማወቅ አንድ ጊዜ ቢሞከር ክፋት የለውም፤ የዘወትር ልምምድ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም፤ ፊኛው በሚገባ እንዳይራቆት ያደርጋል። ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

ልምምዱን በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ይጀምሩ። የቻሉትን ያህል ሰከንድ ይያዙ፣ ቢያንስ ለዚያው ያህል ጊዜ ሙሉ በሙሉ ያላሉ፤ ይህን አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙና ጥቂት ፈጣን ፈጣን ማጥበቆችን ያክሉበት። በቀን ሦስት ጊዜ በቂ ነው። የሚይዙበት ጊዜ ቀስ በቀስ እስከ አሥር ሰከንድ ሊያድግ ይችላል። ማላላቱን እንደ ዕረፍት ብቻ አይቁጠሩት፤ ያልላላ ጡንቻ እንደገና ሊጠብቅ አይችልምና የልምምዱ ግማሽ እርሱ ነው። ተኝቶ መሥራቱ ሲቀልልዎ ተቀምጠው፣ ከዚያም ቆመው ይሥሩ፤ ሽንት የሚያመልጥዎ ቆመው ሳለ ስለሆነ ጡንቻው መሠልጠን ያለበት በዚያው አኳኋን ነው።

ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን ጊዜውን ማወቅ ነው። ከወንበር ከመነሣትዎ፣ ከማሳልዎ፣ ልጁን ከማንሣትዎ አንድ አፍታ ቀድመው ያጥብቁ፤ እንቅስቃሴውን እስኪጨርሱ ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ። በስግደትም ጊዜ ግፊቱ የሚበረታው ከመሬት ሲነሡ ነውና እጅዎና ጉልበትዎ መሬት ላይ ሳሉ አጥብቀው፣ ትንፋሽዎን እያወጡ ይነሡ። በመጀመሪያው ሰሞን ስግደቱን ቁጥሩን ቀነስ፣ ፍጥነቱንም ዝግ ቢያደርጉት ይመረጣል።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄዎ የሚያሳፍር ነገር የለም። ከብልት ሥር ያሉ ሁለት ጡንቻዎች ደም በብልት ውስጥ ተይዞ እንዲቆይ ይረዳሉ። በእንግሊዝ ስንፈተ ወሲብ ያለባቸው 55 ወንዶች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ይህን ልምምድ ሠርተው ከስድስት ወር በኋላ 40 በመቶዎቹ ወደ ጤናማ ሁኔታ ተመልሰዋል፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑትም ተሻሽሎላቸዋል። እነዚያ ሰዎች ግን ፕሮስቴታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው አልነበሩም። በእርስዎ ሁኔታ ዋናው ወሳኝ በእጢው ግራና ቀኝ የሚያልፉት ነርቮች መትረፋቸው ነው፤ ተርፈውም ቢሆን ለማገገም አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይወስድባቸዋል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉልዎትን ሐኪም ነርቮቹ ተጠብቀው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ፤ በመድኃኒት የሚረዳበት መንገድም ስላለ ባለቤትዎን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው።

መልስ፦ ጠቅላላ ሐኪም

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው። ሆኖም ጠያቂው «የሚያድነው ጊዜ ነው ወይ?» ላሉት መልስ አልተሰጠም፤ እኔ በበኩሌ ይህ ጥያቄ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም ባይ ነኝ። ልምምዱ በስሙ የሚጠራለት አሜሪካዊው ዶክተር አርኖልድ ኬግል የማህፀን ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ጽሑፍም ከወሊድ በኋላ ስለሚቸገሩ ሴቶች ነበር። ለወንዶች ያለው ማስረጃ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሲሆን፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አያመለክትም።

በቤልጂየም የሉቨን ከተማ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ፕሮስቴታቸው ከወጣ ወንዶች መካከል በባለሙያ እየታገዙ ከተለማመዱት 88 በመቶዎቹ በሦስት ወር ውስጥ ሽንታቸውን መቋጠር ችለዋል፤ ካልተለማመዱት ግን 56 በመቶዎቹ ብቻ። በሌላ በኩል በዚያው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትልቁ የብሪታንያ ጥናት በዓመቱ መጨረሻ ልዩነት አላገኘም፤ ባለሙያ ካሠለጠናቸው 76 በመቶዎቹ፣ ካላሠለጠናቸው ደግሞ 77 በመቶዎቹ ትንሽም ቢሆን ሽንት ያመልጣቸው ነበር። ይህን የማነሣው ልምምዱን ለማጣጣል አይደለም። በሥራ ላይ የማያቸው ብዙ አባቶች ሽንት ባመለጣቸው ቁጥር «ሰንፌ ነው» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉና ነው። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ የሽንት ቧንቧው ርዝመት፣ ዕድሜና የሰውነት ክብደት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሁሉም ነገር በሰውየው ትጋት አይወሰንም።

ሽንትዎ እየቀጠነ ወይም እየተቆራረጠ ከመጣ፣ ካቃጠለዎ፣ ትኩሳት ከያዘዎ ወይም ደም ካዩ ግን ልምምድ ላይ አይቆዩ፤ የተሰፋው ቦታ ጠብቦ ወይም ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ዓመት ሞልቶም ችግሩ ከቀጠለ መፍትሔ አይጠፋም። የሽንት ቧንቧውን ከሥር የሚደግፍ መቀነት መሰል ድጋፍ ይተከላል፤ መፍሰሱ ከበረታም ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ የሽንት መቆጣጠሪያ አለ። እነዚህ በየቦታው የሚገኙ ባለመሆናቸው የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስትዎን አስቀድሞ መጠየቁ አይከፋም።

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ዶክተር፣ ቁጥሮቹን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ በአንድ ነገር ብቻ ላክልበት። በብሪታንያው ጥናት ከንጽጽሩ ወገን የነበሩት ወንዶችም ብዙዎቹ ልምምዱን በራሳቸው ይሠሩ ነበር፤ ስለዚህ የተነጻጸረው መሥራትና አለመሥራት ሳይሆን በባለሙያ መሠልጠንና በራስ መሞከር ነው ለማለት ይቻላል። ለጠያቂው የምሰጠው ቀጥተኛ መልስ የሚከተለው ነው፦ አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በጊዜ ብዛት ይሻለዋል፤ በትክክል የተሠራ ልምምድ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም መሻሉን ማፍጠን ነው። ለሚጨነቅ ሰው ወራት ማትረፍ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ እኔም በዚያው መንገድ ያለፍኩ ነኝ። በዚህ አገር የዳሌ ወለል ጡንቻን ብቻ የሚያክሙ ፊዚዮቴራፒስቶች ስላሉ ካቴተሩ ሳይገባልኝ፣ ማለትም ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ጀመርኩ። ካቴተሩ እስኪወጣ ግን አቁም ተባልኩ። ባለሙያዋ አልትራሳውንዱን ከሆዴ በታች አድርጋ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙራ፣ ሳጠብቅ የፊኛው ወለል ከፍ ሲል አሳየችኝ፤ ከዚያ በኋላ የቱን እንደማሠራ ተጠራጥሬ አላውቅም። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ ባይገኝ እንኳ ከላይ የተነገረው መስታወት ብዙ ያግዛል።

ያልተነሣ አንድ ነገር ቢኖር መመዘን ነው። ለውጥ የለም የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ስለማንለካ ነው። ደረቁን ፓድ (ሽንት መምጠጫውን) በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የተጠቀማችሁባቸውን እርጥቦቹን በፕላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡና እንዲሁ መዝኑ። ከዚያ ላይ የደረቁን ክብደት በፓዶቹ ቁጥር ልክ ስትቀንሱ የሚቀረው ያመለጠው ሽንት ነው፤ አንድ ግራም ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ይጠጋል። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ከተመዘነ ለዓይን የማይታየው መሻሻል በቁጥር ይታያል። ባለቤቴ ሚዛኑን ከወጥ ቤት አስወጥታ ሌላ ገዛች፤ መብቷ ነው።

ስለ ቡና ደግሞ፣ ጋሼ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም የሚጠጡ ከሆነ ለጥቂት ሳምንታት በአንዱ ብቻ ይወሰኑና ይዩት፤ ካፌይን ፊኛን ይቆሰቁሳል። ውሃን ግን አይቀንሱ። ሽንት በወፈረ ቁጥር ፊኛውን ይቆጣዋል፣ የውሃ ማነስ የሆድ ድርቀትም ያመጣል፤ በድርቀት ማማጥ ደግሞ ይህንኑ ጡንቻ ያዳክማል።

መልስ፦ ከደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም። የእኔ ችግር ከጠያቂው ይለያል፤ ቀዶ ሕክምና አላደረግሁም። ሽንቴን ጨርሼ፣ ኢስቲንጃ አድርጌ ከተነሣሁ በኋላ ጥቂት ጠብታ ይወርድና ልብሴን ይነካል። ለሶላት ስቆም ጠሃራዬ እየተበላሸ ተቸግሬአለሁ። ይህም በልምምዱ ይስተካከላል?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ወዐለይኩም ሰላም። ይህ በወንዶች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። የሚወርደው ከፊኛው ሳይሆን፣ ከቆለጥ ከረጢቱ በስተኋላ ባለው የቧንቧ መታጠፊያ ውስጥ የቀረ ሽንት ነው። ያንን ክፍል የሚያራቁተው ጡንቻ ሲደክም ጠብታው እዚያው ይቀመጥና ሲንቀሳቀሱ ይወጣል። ሸንተው ሲጨርሱ ጡንቻውን አንድ ሁለት ጊዜ ጠበቅ ያድርጉት። ካልበቃ በጣቶችዎ ጫፍ ከከረጢቱ በስተኋላ በኩል ገር አድርገው ተጭነው ወደ ፊት፣ ወደ ብልቱ ሥር ያንሸራትቱ፤ የቀረው ሽንት ይወጣል። ብልቱን መጭመቅና ማራገፍ ግን አያስፈልግም። የውዱውን ጉዳይ ዓሊሞችን ቢጠይቁ ይሻላል፤ ሽንት መቋጠር ለተሳነው ሰው በፊቅህ የተለየ ድንጋጌ እንዳለ ያስረዱዎታል።

መልስ፦ ወጣት ተሳታፊ

እኔ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። በግንኙነት ጊዜ ቶሎ የመጨረስ ችግር ስላለብኝ ከዩቲዩብ አይቼ ይህን ልምምድ መኪና እየነዳሁም ሥራ ቦታ ተቀምጬም እሠራዋለሁ። አሁን አሁን ግን በፊንጢጣዬና በቆለጤ መካከል ያለው ቦታ ያመኛል፣ ለመሽናትም ቆሜ እጠብቃለሁ። ልጨምርበት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ወንድሜ፣ ተወው። ቶሎ ለሚጨርሱ ወንዶች ልምምዱ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ በጣሊያን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው 40 ወንዶችን ለ12 ሳምንታት በባለሙያ አሠርቶ አብዛኞቹ እንደተሻሻሉ ዘግቧል። አንተ የገለጽከው ግን የደከመ ጡንቻ ምልክት አይደለም። ሕመሙና ሽንት ለመጀመር መዘግየቱ ጡንቻው መላላት እንዳቃተው ነው የሚጠቁሙት፤ እንዲህ ያለውን ጡንቻ የበለጠ ማጥበቅ ሕመሙን ያብሰዋል። ለጊዜው ያለህ ሥራ ተቃራኒው ነው፦ በጀርባህ ተኝተህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ ወደ ሁለት ጎን ክፈትና በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ወደ ሆድህ ተንፍስ፤ አየሩ ሲገባ በፊንጢጣህ ዙሪያ ያለው ቦታ ወደ ታች ሲሰፋ ይሰማህ። አትግፋ፤ ዝም ብለህ ልቀቀው። ረጅም ሰዓት ከመቀመጥም በየመሐሉ ተነሥ። የፕሮስቴት ኢንፌክሽን ተመሳሳይ ስሜት ስላለው አስቀድመህ የሽንት ምርመራ አድርግ።

ጠያቂ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመስታወቱ እንደተባለው ሞክሬ እንቅስቃሴውን ዓይቻለሁ፤ ሆዴ ልል ሲሆን የሚሠራው ጡንቻ ከዚህ በፊት ከማጠብቀው ጋር የማይገናኝ ነው። የሚገርመው ግን ከሦስት ሰከንድ በላይ አልይዝም፤ ራሱ ይለቀኛል። አስገድጄ ልቀጥል ስል ሆዴ ይገባበታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

እንግዲያው ልምምድዎ በሁለት ሰከንድ ይጀምራል። ራሱ ከመልቀቁ በፊት እርስዎ ይልቀቁት፤ አራት ሰከንድ ያርፉና ይድገሙት። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ላይ ሆድዎ ከገባበት ዙሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ አሥር ለመሙላት ሲባል የተበላሸ አይጨመርም። ሁለት ሰከንዱ ያለ ሆድ እስከ አሥር ድረስ ሲሄድልዎ ሦስት ያድርጉት። የሙሉ ኃይልዎን ሳይሆን የግማሹን ያህል ይጠቀሙ፤ ይህ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ በዝቅተኛ ኃይል ሽንት ይዞ የሚውል ነውና ብርታቱን ብቻ ሳይሆን ጽናቱንም እንገነባለን። ከወንበር ሲነሡ ቀድመው ማጥበቁን ግን ሰከንዱ እስኪያድግ አይጠብቁበት፤ ለመነሣት ሁለት ሰከንድ ይበቃልና ዛሬውኑ ይጀምሩት።